በዳገታም አገር ለሚነዳ ብስክሌት የማርሽ አመራረጥ

ሰው ሁሉ የሚጓዝበትን እንስሳ እንደ አገሩ አቀማመጥ ይመርጣል። በሜዳ አገር ፈረስ ይወደዳል፤ በገደላማ አገር ግን በቅሎ ትከበራለች፤ ጭነት የበዛ እንደ ሆነ ደግሞ አህያ ይጫናል። ይህም የሆነው አንዱ ከሌላው ስለሚያንስ አይደለም፤ ለየመሬቱ የሚስማማው ልዩ ልዩ ስለሆነ ነው እንጂ። የብስክሌትም ነገር እንዲሁ ነው። ባንድ አገር በደስታ ሲነዳ የኖረ ብስክሌት በሌላው አገር ከግድግዳ ተደግፎ አቧራ ሲለብስ ይኖራል፤ ጥፋቱም የብስክሌቱ ወይም የነጂው ሳይሆን አስቀድሞ ሳያስብ የመረጠው ሰው ነው።

ባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ዳር በደልዳላ መሬት ላይ የተሠራች ከተማ ስለሆነች ብዙ ሰው በብስክሌት ሲመላለስባት ይታያል። እንዲህ ባለ ስፍራ አንድ ማርሽ ብቻ ያለው ብስክሌት ይበቃል። የዋግ ኽምራ አገር ግን እንደዚህ አይደለም። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ተራራማ አገር ላይ ያለች ናት፤ ከእርስዋም ተነሥቶ ወደ ዝቋላ ወረዳ የሚሄድ መንገደኛ ደጋውን እየለቀቀ ወደ ተከዜ ቆላ ይወርዳል። ይህ ዝቋላ በሸዋ ካለው ከዝቋላ ተራራ የተለየ ነው። እንግዲህ በዚህ አገር ሲሄዱ የወረዱትን ሁሉ ሲመለሱ መውጣት ግድ ይሆናል።

ለአንድ የገጠር አስተማሪ ብስክሌት መግዛት ቀላል ነገር አይደለም፤ ወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ለትምህርት ቤቱ አገልግሎት የገዙት እንደ ሆነ ደግሞ አደራው ይበልጣል። መጻሕፍት ለማመላለስ፥ መልእክት ለማድረስ፥ የታመመ ሰው ሲኖር ወደ ጤና ጣቢያ ፈጥኖ ለመላክ የታሰበው ብስክሌት ዳገቱን አልወጣም ቢል ገንዘቡም ተስፋውም ይባክናል። ስለዚህ ለአስተማሪዎችና ለአገር ሽማግሌዎች ማወቅ የሚጠቅመው ነገር ይህ ነው፤ በዳገታም አገር ማርሽ የሚመረጠው ከፈጣኑ ሳይሆን ከቀላሉ ተጀምሮ ነው። የዚህም ምክንያቱ ከዚህ በታች ይገለጻል።

ማርሽ ምን እንደሚሠራ

ጭነት የተጫነች አህያ ተራራ ስትወጣ ፊት ለፊት አትገፋም፤ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘች ትወጣለች። በዚህም መንገዱ ይረዝምባታል፤ ዳሩ ግን በያንዳንዱ እርምጃ የምትወጣው ከፍታ ትንሽ ስለሚሆን ጭነቱ ይቀላታል። ትልቅ ድንጋይ በረዥም እንጨት የሚፈነቅል ሰውም እንዲሁ ያደርጋል፤ እጁ ብዙ መንገድ ይሄዳል፥ ድንጋዩ ግን ጥቂት ብቻ ይነሣል። የማርሽም ሥራ ይኸው ነው። ማርሽ አዲስ ኀይል አይፈጥርም፤ ያለውን ኀይል ለመንገዱ እንዲስማማ ያደርጋል እንጂ።

በብስክሌት ላይ ሁለት ባለ ጥርስ ክቦች አሉ፤ አንዱ ከፔዳሉ ጋር ያለው የፊት ጥርስ ነው፤ ሁለተኛው ከኋላው ጎማ ጋር ያለው የኋላ ጥርስ ነው፤ ሁለቱንም ሰንሰለቱ፥ በተለመደው አነጋገር ካቴናው፥ ያገናኛቸዋል። የፊቱ 44፥ የኋላው 22 ጥርስ ቢኖረው ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው ሁለት ጊዜ ይዞራል። ባለ 28 ኢንች ጎማ ዙሪያው 2 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ብስክሌቱ በአንድ የፔዳል ዙር 4 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። ይህ ርዝመት የብስክሌቱ እርምጃ ነው ማለት ይቻላል። ረዥም እርምጃ በሜዳ ላይ ያፈጥናል፥ በዳገት ላይ ግን ጉልበት ይሰብራል፤ አጭር እርምጃ በዳገት ላይ ይቀላል፥ በሜዳ ላይ ግን እግር ሳያርፍ ይሽከረከራል፥ መንገዱም አይገፋም።

በእምብርት ውስጥ ያለ ማርሽ

የብስክሌትን እርምጃ በጉዞ ላይ ለመለወጥ ሁለት ዓይነት መሣሪያ አለ። አንደኛው በውጭ የሚታይ ነው፤ ሰንሰለቱን ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው እያሻገረ ይሠራል። ሁለተኛው በኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ የተሸሸገ ነው፤ እምብርቱንም መካኒኮች ሞዞ ይሉታል። ይህ ሁለተኛው ጥርሶቹ ሁሉ ተከድነው ስለሚኖሩ ከአቧራና ከጭቃ ይጠበቃሉ፤ ሰንሰለቱም ቀጥ ብሎ ስለሚዞር ቶሎ አያልቅም፤ ብስክሌቱም ቆሞ ሳለ ማርሹን መለወጥ ይቻላል። አቧራ በበዛበት የገጠር መንገድ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ከነዚህ ሁሉ የታወቀው በሄንሪ ስተርሚና በጄምስ አርቸር ስም የሚጠራው ባለ ሦስት ማርሽ እምብርት ነው። የመጀመሪያው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1902 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ታሰበ፤ ኤ ደብልዩ የተባለውና በዓለም ሁሉ የተስፋፋው ዓይነት ደግሞ በ1936 ዓ.ም. ወጣ፤ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህም በስሙ የሚሠራው በታይዋን ኩባንያ ነው።

አሠራሩ ለሒሳብ ትምህርት የሚመች ነው። በማይዞረው ዘንግ ላይ 20 ጥርስ ያለው አንድ ክብ ተተክሏል፤ በእርሱ ዙሪያ እያንዳንዳቸው 20 ጥርስ ያላቸው አራት ትንንሽ ክቦች በአንድ ክፈፍ ተይዘው ይዞራሉ፤ እነርሱንም በውስጡ 60 ጥርስ ያለው ቀለበት ይከባቸዋል። መካከለኛው እንደ ፀሐይ፥ አራቱም ፀሐይን እንደሚዞሩ ዓለማት ናቸው። ክፈፉ ሦስት ጊዜ ሲዞር ቀለበቱ አራት ጊዜ ይዞራል፤ ይህም 60ና 20 ተደምሮ 80 ስለሚሆን፥ 80ም ለ60 ሲካፈል አራት ሦስተኛ ስለሚወጣ ነው። በሦስተኛው ማርሽ የኋላው ጥርስ ክፈፉን ያዞራል፥ ቀለበቱም ጎማውን ያዞራል፤ ስለዚህ ጎማው ከኋላው ጥርስ ይልቅ በሲሶ ይፈጥናል። በአንደኛው ማርሽ ነገሩ ተገላብጦ የኋላው ጥርስ አራት ጊዜ ሲዞር ጎማው ሦስት ጊዜ ብቻ ይዞራል። በሁለተኛው ማርሽ ግን ሁለቱ እኩል ይዞራሉ። ስለዚህ 4 ሜትር ከ40 የነበረው እርምጃ በአንደኛው ማርሽ 3 ሜትር ከ30፥ በሦስተኛው 5 ሜትር ከ87 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

ከዚህ የበዛ ማርሽ ያላቸውም አሉ። ሺማኖ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ኔክሰስ በሚል ስም የሚሠራው ባለ ስምንት ማርሽ እምብርት ከሁሉ ቀላል የሆነው ማርሹ የጎማውን ዙር ወደ 0.527፥ ከሁሉ ፈጣኑ ወደ 1.615 ያደርሰዋል። ሮሎፍ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1998 ዓ.ም. ያወጣው እምብርት ደግሞ 14 ማርሽ አለው፤ ዋጋው ግን እጅግ ውድ ነው። መራጩ የማርሹን ቍጥር ብቻ አይቶ መደነቅ አይገባውም፤ መመልከት የሚገባው ፈጣኑ ማርሽ ከቀላሉ ስንት እጥፍ እንደ ሆነና ቀላሉ ምን ያህል እንደሚቀል ነው። ይህም እጥፍ በባለ ሦስቱ 1.78፥ በባለ ስምንቱ 3.07፥ በባለ አሥራ አራቱ 5.26 ነው።

የመንገዱን ዳገት ስለ መለካት

ማርሽ ከመምረጥ በፊት መንገዱን ማወቅ ያስፈልጋል፤ «ዳገቱ ብርቱ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም። ለመለኪያ የሚያስፈልገው አንድ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ እንጨት፥ እስከ እኩሌታው ውሃ የተጨመረበትና የተከደነ ጠርሙስ፥ እንዲሁም የተማሪ ማስመሪያ ነው። የእንጨቱ አንደኛ ጫፍ በዳገቱ ላይኛ በኩል መሬት ይነካል፤ ጠርሙሱ በእንጨቱ ላይ ይጋደማል፤ የታችኛው ጫፍ ውሃው ከጠርሙሱ ጐን ጋር ትክክል እስኪሆን ድረስ ከፍ ይደረጋል። ከዚህ በኋላ ከታችኛው ጫፍ እስከ መሬት ያለው ርቀት ይለካል። 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ እንደ ሆነ መንገዱ በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር ይወጣል ማለት ነው። በአንድ ስፍራ ብቻ ለክቶ መተው ያሳስታል፤ በየመቶው እርምጃ እየቆሙ መለካትና ከሁሉ የበረታውን፥ ደግሞም የሚበዛውን ለይቶ መጻፍ ይገባል።

የጉልበትና የእርምጃ ስሌት

ነጂው 60 ኪሎ፥ ብስክሌቱና ጭነቱ 20 ኪሎ ቢመዝኑ በጠቅላላው 80 ኪሎ ይሆናል። በ5 በመቶ ዳገት ላይ ይህ ክብደት ወደ ኋላ የሚጐትተው በ4 ኪሎ ኀይል ነው፤ የአፈሩ መንገድም ጎማውን ስለሚይዘው ጥቂት ይጨመርና 5 ኪሎ ከ200 ግራም ያህል ይሆናል። መካከለኛ ጉልበት ያለው ሰው ለረዥም ጊዜ ሊሠራ የሚችለው በየሴኮንዱ 10 ኪሎ ክብደት አንድ ሜትር ከፍ የማድረግ ያህል ነው። ስለዚህ በዚህ ዳገት ላይ በሴኮንድ 2 ሜትር የማይሞላ፥ በደቂቃ 115 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ይህም በሰዓት ወደ 7 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው። ማንኛውም ማርሽ ከዚህ አያስበልጠውም፤ ጉልበቱ ይኸው ነውና።

የማርሽ ጥቅም የሚታየው በእግሩ ላይ ነው። እግር ሳይጨነቅ በደቂቃ 50 ጊዜ ያህል ሊያዞር ይችላል፤ ከ40 ሲያንስ ጉልበት መጨነቅ ይጀምራል። 115 ሜትር ለ50 ሲካፈል 2 ሜትር ከ30 ይወጣል፤ እንግዲህ ለ5 በመቶ ዳገት የሚስማማው እርምጃ ይህ ነው። የብስክሌቱ እርምጃ 4 ሜትር ከ84 የሆነ እንደ ሆነ፥ ይኸውም የፊቱ 44 የኋላው 20 ጥርስ የሆነ ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት ነው፥ እግሩ በደቂቃ 24 ጊዜ ብቻ እየዞረ በአማካይ 23 ኪሎ ተኩል ያህል መግፋት ይኖርበታል። እርምጃው 2 ሜትር ከ30 ሲሆን ግን የሚገፋው 11 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ዳገቱ አንድ ነው፥ ፍጥነቱም አንድ ነው፤ የጉልበት መገጣጠሚያ የሚሸከመው ግን ከእጥፍ በላይ ይለያያል። በየቀኑ የሚመላለስ ሰው ጉልበቱን የሚያመው ከዚህ የተነሣ ነው።

በሜዳ ላይስ እንዴት ነው? ያው ሰው በአፈር መንገድ በደልዳላ ስፍራ በሰዓት ወደ 18 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ይህም በደቂቃ 300 ሜትር ነው። እግሩ 60 ጊዜ ሲዞር የሚያስፈልገው እርምጃ 5 ሜትር ብቻ ነው። ከዚህ የሚበልጠው እርምጃ የሚያገለግለው በቍልቍለት ነው፤ በቍልቍለት ግን ብስክሌቱ ሳይገፋ ይሄዳል። እንግዲህ በዋግ አገር ስለ ፍጥነት ብሎ ረዥም እርምጃ መፈለግ የማይሠሩበትን መግዛት ነው፤ ማርሹን ሁሉ ወደ ቀላሉ ማውረድ ግን ብዙ ይጠቅማል፥ የሚያሳጣውም ነገር የለም።

ምርጫው እንዴት እንደሚሆን

መንገዱ ከ3 በመቶ የማይበልጥ የሆነ እንደ ሆነ ባለ ሦስት ማርሽ እምብርት ከፊት 44፥ ከኋላ 22 ጥርስ ጋር ይበቃል፤ በአንደኛው ማርሽ እግሩ በደቂቃ 50 ጊዜ እየዞረ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ ከሱቅ የሚመጣው የኋላ ጥርስ ከዚህ ያነሰ፥ 18 ወይም 19 ስለሆነ በ22 ማስለወጥ ያስፈልጋል። ይህ ትንሽ ወጪ የብስክሌቱን ጠባይ በሙሉ ይለውጠዋል።

ዳገቱ ከ3 እስከ 7 በመቶ የሆነ እንደ ሆነ ባለ ስምንት ማርሽ ይሻላል፤ በዚያው በ44ና በ22 ጥርስ ቀላሉ እርምጃው 2 ሜትር ከ32 ሳንቲ ሜትር ነው። ጎማውን ከ28 ወደ 26 ኢንች ዝቅ ማድረግም እርምጃውን ያሳጥራል፤ ዙሪያው 2 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነውና።

የፊቱን ጥርስ እጅግ አሳንሶ ማርሹን ማቅለል የሚቻል ይመስላል፤ ነገር ግን ወሰን አለው። ሠሪዎቹ ብዙውን ጊዜ የፊቱ ጥርስ ከኋላው ሁለት እጥፍ ያህል እንዲሆን ያዛሉ፤ ከዚህ እጅግ ያነሰ እንደ ሆነ በእምብርቱ ውስጥ ባሉት ትንንሽ ጥርሶች ላይ የሚያርፈው ኀይል በዝቶ ይሰብራቸዋል። ስለዚህ ከመለወጥ በፊት የሠሪውን ትእዛዝ ማንበብ ይገባል።

ዳገቱ ከ10 በመቶ ያለፈ እንደ ሆነ የተባለው ነጂ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ይህ የእግረኛ ፍጥነት ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ ወርዶ መግፋት ብልኅነት እንጂ ውርደት አይደለም፤ በቅሎም ከባድ ገደል ስትወጣ ጌታዋ ይወርድላታል።

አንዳንድ ጐልማሶች ቀላል ማርሽ መፈለግን እንደ ድካም ይቈጥሩታል። ነገር ግን በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልቦርን የኦሎምፒክ ጨዋታ ስትገባ ከላከቻቸው መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም.ም የማይጨው ተወላጅ ጽጋቡ ግርማይ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆኖ በታላቁ የፈረንሳይ ዙር ውድድር ገብቷል። እነዚህን የመሰሉ የሠለጠኑ ብርቱዎች እንኳ ረዥም ተራራ ሲወጡ ማርሻቸውን ያቀላሉ፤ ኀይላቸውን ለመንገዱ መጨረሻ ይቈጥባሉና።

የአየሩም ነገር አይዘነጋ። በሰቆጣ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ወደ ሩብ በሚጠጋ ያንሳል፤ ስለዚህ ከቆላ አገር አዲስ የመጣ አስተማሪ እስኪለምድ ድረስ ቶሎ ይደክመዋል። ለእርሱ ከተባለው ሁሉ የቀለለ ማርሽ ይሻለዋል።

ስለ ጥንቃቄ

ኤ ደብልዩ የተባለው እምብርት በሁለተኛውና በሦስተኛው ማርሽ መካከል ፔዳሉ ጎማውን ሳይዝ በከንቱ የሚዞርበት ስፍራ አለው። የሽቦው ገመድ የላላ እንደ ሆነ ማርሹ በድንገት ወደዚያ ይገባል፤ በፔዳሉ ላይ ቆሞ የሚገፋ ሰውም ተንሸራትቶ ሊወድቅ ይችላል። ይህ እንዳይሆን ማርሹ በሁለተኛው ላይ ተደርጎ በቀኙ ዳዶ ቀዳዳ በኩል ሲታይ፥ ከሰንሰለቷ ጋር ያለው የቀጭኑ ዘንግ ጫፍ ከወፍራሙ ዘንግ ጫፍ ጋር ትክክል መሆን አለበት። ማርሽም ሲለወጥ እግርን ለአፍታ ማሳረፍ ያስፈልጋል።

የቍልቍለቱ ነገር ከዳገቱ ይልቅ ያስፈራል። 80 ኪሎ ክብደት 100 ሜትር ከፍታ ሲወርድ በፍሬኑ ላይ የሚቀረው ሙቀት አንድ ሊትር ውሃ በ19 ዲግሪ ያህል ሊያሞቅ ይችላል። ስለዚህ በረዥም ቍልቍለት በየመካከሉ ቆሞ ማቀዝቀዝ ይገባል። ቸርኬው ብረት የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ በዝናብ ጊዜ ፍሬኑ እጅግ ይደክማል፤ በክረምት በዝግታ መውረድ ሕይወትን ማትረፍ ነው።

ባለ ሦስት ማርሹ እምብርት አሠራሩ ቀላል ስለሆነ፥ የዘይት ቀዳዳ ያለውም በየጊዜው ጥቂት ጠብታ ቀጭን ዘይት ቢጨመርለት ብዙ ዘመን ያገለግላል። ባለ ስምንቱ ግን ሲበላሽ የሠለጠነ መካኒክ ይፈልጋል። እንግዲህ ከመግዛት በፊት የሚጠግነው ሰውና መለዋወጫው የት እንደሚገኝ መጠየቅ ከማርሹ ምርጫ ጋር እኩል ነገር ነው፤ ጠጋኝ የሌለው ስምንት ማርሽ ከሚሠራ ሦስት ያንሳልና።

ለትምህርት ቤት የሚሆን ሥራ

አስተማሪው ተማሪዎቹን ወደ ውጭ አውጥቶ ሦስት ነገር ሊያሠራቸው ይችላል። መጀመሪያ የፊቱንና የኋላውን ጥርስ ቈጥረው ያካፍሉ፤ ሁለተኛ በጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው፥ ብስክሌቱን እየገፉ ፔዳሉን አንድ ጊዜ አዙረው፥ የሄደውን ርቀት በሜትር ይለኩና በስሌት ካገኙት ጋር ያስተያዩ፤ ሦስተኛ ከትምህርት ቤታቸው እስከ መንደራቸው ያለውን ዳገት በእንጨቱና በጠርሙሱ ለክተው በወረቀት ይጻፉ። ይህ ወረቀት በትምህርት ቤቱ ቢቀመጥ ወደፊት ብስክሌት የሚገዛ ሁሉ ይመለከተዋል።

ሽማግሌዎችም ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ሻጩን «ስንት ማርሽ አለው?» ብለው ብቻ አይጠይቁ፤ «በቀላሉ ማርሽ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ስንት ሜትር ይሄዳል?» ብለው ይጠይቁ፤ መልስም ባያገኙ ራሳቸው በጠመኔና በሜትር ይለኩ። የአገራቸውን ዳገት አስቀድመው የለኩ ሰዎች ለዚያ ዳገት የሚሆነውን ብስክሌት መምረጥ አያስቸግራቸውም።